እናት ለመሄድ የልጆችዋን ፈቃድ ልትጠይቅ ይገባታልን?

ልጅ ለወላጁ ምን ዕዳ እንዳለበት ብዙ ተጽፎአል፤ ብዙም ተሰብኮአል። ወላጅ ሸምግሎ ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ለልጁ ምን ዕዳ እንዳለበት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህም የሆነው ነገሩ ያለቀለት ስለሚመስል ነው። አሮጊት እናት በቤት ትቀመጣለች፤ ልጆችዋ ይጦሩአታል፤ የልጅ ልጆችዋ በጉልበትዋ ላይ ይጫወታሉ፤ ከዚህ ወዲያ ምን የሚመረመር አለ? ይባላል።

ነገር ግን በከተማ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ቤት ቢመለከት ሌላ ነገር ያገኛል። ስድሳ ዓመት ሞልቶአቸው በጡረታ የተሰናበቱ እናት ማለዳ ተነሥተው ነጠላቸውን ሲያጣፉ፥ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፥ ደግሞ ወዴት ነው?» ትላለች። «ለቅሶ ልደርስ» ቢሉ፥ «ብርድ ነው፤ ጉንፋን ይይዝዎታል» ትላቸዋለች። «ዛሬ ማኅበር ነው» ቢሉ፥ «መኪናው ብዙ ነው፤ ወንድሜ መጥቶ ያድርስዎት» ትላቸዋለች። ወንድምየው ግን እስከ ማታ አይመጣም። በዚህ ሁሉ ክፉ ቃል አልተነገረም፤ የተነገረውም ሁሉ በፍቅር ነው። እናትየዋም ነጠላቸውን አጥፈው መልሰው ይቀመጣሉ። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ማለዳ ስንት እንደ ሆነ የሚቈጥር የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አሮጊት እናት ከቤትዋ ወጥታ ወደ ፈለገችበት ለመሄድ የልጆችዋን ፈቃድ ልትጠይቅ ይገባታልን? ልጆችስ ሲከለክሉአት እናታቸውን አከበሩ ይባላልን? ነገሩ በቃል ብቻ ቢመረመር ሁለቱም ወገን ደኅና መልስ ስላለው ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ በእውነት በተደረገ በአንድ ነገር ላይ መዝኖ ማየት ይሻላል።

በአሜሪካ አገር፥ ኦሃዮ በሚባለው ክፍል፥ በጋሊያ አውራጃ፥ በፈረንጅ ቁጥር በ1887 ዓ. ም. ኤማ የሚባሉ ሴት ተወለዱ (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ ቁጥር ናቸው)። ወላጆቻቸው ከወለዱአቸው አሥራ አምስት ልጆች አንዲቱ ነበሩ፤ ትምህርታቸውም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በ1907 ዓ. ም. ገና በ19 ዓመታቸው ጌትውድ የሚባል ሰው አገቡና አሥራ አንድ ልጆች ወለዱ። የገበሬ ቤት ሥራ ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው መዘርዘር አያስፈልግም፤ ማጠብ፥ መጋገር፥ መስፋት፥ ማሳ መኰትኰት፥ ይህንንም ሁሉ ሕፃን ታቅፎ ማድረግ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ባልየው እጁ የማያርፍ ሰው መሆኑ ነበር። ጥርሳቸው እስኪሰበር፥ የጎድን አጥንታቸውም እስኪሰነጠቅ ድረስ ይመታቸው ነበር። ከዱላው ባመለጡ ጊዜ የሚሸሹት ወደ ጫካ ነበር፤ በዛፎቹ መካከልም ጥቂት ጸጥታ ያገኙ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ኋላ ይፈለጋልና። ከሠላሳ ዓመት የበለጠ እንዲህ ከኖሩ በኋላ በ1941 ዓ. ም. በፍርድ ተፋቱ፤ የቀሩትንም ልጆች አሳድገው ለየራሳቸው ኑሮ አበቁ።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ኤማ ጌትውድ አያት ሆኑ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ሃያ ሦስት ደረሱ። ሰው ሁሉ «አሁንስ ይረፉ» የሚልበት ዕድሜ ይህ ነው። እርሳቸው ግን አንድ ቀን ስለ አንድ ረጅም የእግር መንገድ የሚያወራ መጽሔት በእጃቸው ገባ። መንገዱ አፓላቺያን የሚባሉትን ተራሮች ተከትሎ በደቡብ ከጆርጂያ ተነሥቶ በሰሜን እስከ ሜይን ይደርሳል፤ በአሥራ አራት ክፍላተ አገር ያልፋል፤ ርዝመቱም በዚያን ጊዜ ወደ 3,300 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር። አሳቡን በ1921 ዓ. ም. ቤንተን መኬይ የሚባል ሰው አቀረበው፤ በ1937 ዓ. ም. ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያያዘ። መጽሔቱ መንገዱን ለማንም መንገደኛ የሚመች አድርጎ ይናገር ነበር። ይህ እውነት እንዳልሆነ ወይዘሮ ኤማ ኋላ በእግራቸው መርምረው ደረሱበት፤ ለጋዜጠኞችም ያለ ሐፍረት ተናገሩት። ያም ሆነ ይህ ያን መንገድ ብቻዋን በአንድ ወራት የፈጸመች ሴት እስከዚያ ድረስ አልነበረችም።

በ1954 ዓ. ም. ለማንም ሳይናገሩ ወደ ሜይን ሄደው ከሰሜኑ ጫፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይርቁ መንገድ ሳቱ፤ መነጽራቸውም ተሰበረ። የደን ጠባቂዎች አገኙአቸውና ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ መከሩአቸው፤ እርሳቸውም ተመለሱ። ስለ ደረሰባቸው ነገር ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1955 ዓ. ም. በሜይ ወር በ3ኛው ቀን፥ በ67 ዓመት ዕድሜያቸው አሁን ደግሞ ከደቡቡ ጫፍ ተነሡ። ለልጆቻቸው የነገሩአቸው በእግሬ ልንሸራሸር እሄዳለሁ ብለው ብቻ ነው፤ የሽርሽሩን ርቀት ግን አልነገሩም። ዕቃቸው በገዛ እጃቸው ከወፍራም ጨርቅ የሰፉት አንድ ከረጢት ነበረ። በከረጢቱም ውስጥ የወታደር ብርድ ልብስ፥ የዝናብ ልብስ፥ በድንኳንም ፈንታ ከመታጠቢያ ቤት የወረደ የላስቲክ መጋረጃ ነበረ። ሸክማቸው ሁሉ ተደምሮ ዘጠኝ ኪሎ ያህል እንኳ አይሞላም። በእግራቸው የነበረው ሸራ ጫማ ነው፤ እርሱም እያለቀ በሌላ ይለወጥ ነበር። ስንቃቸው የቆርቆሮ ሥጋ፥ ዘቢብና ለውዝ ሆኖ፥ ሲያልቅባቸው የሚበላውን የዱር ቅጠል ለይተው ይለቅሙ ነበር፤ ይህንን ያወቁት በገበሬ ቤት ስላደጉ ነው። ሲመሽባቸው በቅጠል ክምር ላይ ወይም በሰው ደጃፍ ያድሩ ነበር፤ ብርድ ሲበረታ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእሳት አሙቀው በላዩ ይተኙ ነበር። አንዳንዱ ቤት እራት አብልቶ ያሳድራቸዋል፤ አንዳንዱም በሩን ይዘጋባቸዋል። (አሮጊት ሴት ከረጢት አንግታ በምሽት ብቻዋን ከጫካ ስትወጣ ያየ ሰው ቢጠራጠር ብዙም አይፈረድበትም።)

ልጆቻቸው እናታቸው የት እንዳሉ የተረዱት ከመንገድ ከጻፉት ፖስታ ካርድና ወሬውን ካወጣው ጋዜጣ ነው። በሴፕቴምበር 25 ቀን፥ ከተነሡ በ146ኛው ቀን፥ ካታዲን በሚባለው በሜይን ተራራ ራስ ላይ ቆመው ስለ አገራቸው የተደረሰውን መዝሙር ዘመሩ። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ እንደማይጀምሩት፥ ከጀመሩ በኋላ ግን ማቋረጥ እንደማይሆንላቸው ለጠየቁአቸው ሰዎች ተናገሩ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ቢነሣ ነቀፌታው ቀላል አይደለም። እንዲህ ብሎ ይጠይቃል። በ1954 ዓ. ም. በሜይን ጫካ መንገድ በሳቱ ጊዜ ጠባቂዎቹ ባያገኙአቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማን ይፈልጋቸው ነበር? አሥራ አንድ ልጆች እናታቸው የሞተችበትን ቀን ሳያውቁ፥ ሬሳ ሳይቀብሩ፥ ሞተች ብለው እንዳያለቅሱ ትመጣ ይሆናል እያሉ፥ ትመጣለች ብለው እንዳይጠብቁ ዓመት እያለፈ ይኖሩ ነበር። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንደማያልቅ ቤተ ሰቡ በጦርነት ወይም በስደት የጠፋበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናት ይህን ሸክም በልጆችዋ ላይ ልትጥል ምን መብት አላት?

ለዚህ ነቀፌታ መልስ አለው ማለት ማባበል ይሆናል። ልንሸራሸር እሄዳለሁ ማለት ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥ የሄዱት በእግር ነው። ነገር ግን እውነት ሁሉ በልክዋ ትነገር እንደ ሆነ፥ የሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር እውነት በሽርሽር ቃል ተጠቅልላ ስትነገር ልክዋን አጥታለች። ወይዘሮ ኤማ በዚህ በደሉ ቢባል አፍ የሚያስይዝ የለም።

ሆኖም በደል ባለበት ስፍራ ሁሉ በዳዩን ብቻ አይቶ መሄድ ፍርድን ጎዶሎ ያደርጋል። እናትን እውነቱን እንድትሸሽግ የሚያደርጋት ምንድር ነው? አስቀድማ ብትናገር የሚመጣውን መልስ ታውቃለች። ከአሥራ አንድ ልጆች ሁሉም ባይሆኑ አንዱ «አይሆንም» ማለቱ፥ ሌላይቱም ማልቀስዋ እንደማይቀር መገመት አያስቸግርም። ልጅም ሲያለቅስ ያየች እናት ከረጢትዋን ትፈታለች፤ እናት መሆን ማለት ይህ ነውና። ስለዚህ እውነትን መናገርና መሄድ ሁለቱ ባንድነት የማይቻሉ በሆኑበት ቤት፥ እናት ከሁለቱ አንዱን ትመርጣለች። መንገድን ብትመርጥ ሸሸገች ትባላለች፤ እውነትን ብትመርጥ ነጠላዋን አጥፋ ትቀመጣለች። እንዲህ ያለውን ምርጫ ያቀረበላት ማን እንደ ሆነ ግን አይጠየቅም።

ስለ ጫካው የተነገረው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሴት ከሠላሳ ዓመት የበለጠ ለመውጣትም ለመግባትም የአንድ ሰው ፊት እያዩ ኖረዋል። ጫካው ለእርሳቸው የጀብዱ ስፍራ አልነበረም፤ መጠጊያ ነበረ እንጂ። በ67 ዓመታቸው ወደዚያ ቢመለሱ፥ ሰው ወደ ሚያውቀው መጠጊያ እንደሚመለስ ያለ ነው። ታዲያ ከአንድ ጌታ እጅ ወጥተው ለአሥራ አንድ ጌቶች ሊያድሩ ኖሮአልን? ልጆቹ ጨካኞች ነበሩ ለማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚል ምስክርም የለም። ነገሩ የሚከብደው ልጆች ደጎች በሆኑበት ቤት ነው። የሚወድ እጅ ከሚመታ እጅ እጅግ የተለየ ነው፤ በሩን የዘጋው እጅ የትኛውም ቢሆን ግን ከውስጥ ላለው ሰው በሩ ያው የተዘጋ በር ነው።

ደግሞም ልጆች እናታቸውን ስለ መከልከላቸው የሚሰጡትን ምክንያት አጥብቆ የመረመረ ሰው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ያገኛል። አንደኛው በእርግጥ ፍቅር ነው፤ ትወድቃለች፥ ትታመማለች፥ ብለው ይፈራሉ። ሁለተኛው ግን «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ነው። እናታቸው በእግርዋ ገበያ ስትሄድ የታየች እንደ ሆነ «ልጆችዋ መኪና እያላቸው» ይባላል። እናታቸው ከጎረቤት ጋራ ተሰብስባ እንጨትና ቅጠል ስትለቅም የታየች እንደ ሆነ «አልጦሩአትም» ይባላል። ስለዚህ እናት የልጆችዋን ስም ለመጠበቅ በቤት ትቀመጣለች። ይህ ክፍል የእናት ክብር ሳይሆን የልጅ ክብር ነው፤ ወላጅን አክብር የሚለው ትእዛዝም የሚያዝዘው ይህን አይደለም። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ማንም የማያይ ቢሆን ኖሮ እንከለክላት ነበርን? ብሎ እያንዳንዱ ልጅ በልቡ ራሱን ይጠይቅ።

ስለ ዕረፍትም የሚነገረው እንዲሁ መመርመር አለበት። ለተቀመጠ ሰው ዕረፍት መቀመጥ ይመስለዋል። ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ የሠራ ሰው ግን ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ዕረፍት ይሆንለታል። ሐኪሞችም ዛሬ የሚመክሩት ይህንን የሚደግፍ ነው፤ ሽማግሌ አካል ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ እንደ ሆነ ጡንቻውም አጥንቱም ይደክማል፤ ለመውደቅም የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። እንግዲህ እንዳትወድቅ ተብላ የተቀመጠችው እናት በመቀመጥዋ ወደ መውደቅ ትቀርባለች ማለት ነው።

ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህ የፈረንጅ ጠባይ ነው፤ በእኛ አገር እናት ልጆችዋን ጥላ አትሄድም» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ሰው ግን የገዛ አገሩን ልማድ ረስቶአል። በኢትዮጵያ ልጆችዋን አሳድጋ፥ ድራ፥ ኵላ፥ ባልዋንም ቀብራ፥ በመጨረሻ ቆብ ደፍታ ገዳም የገባች አያት የሌለችበት ዘር ይገኛልን? እርስዋ በሄደች ጊዜ ልጆችዋ አልቅሰው ይሆናል፤ በደጃፍዋ ቆመው ለመከልከል ግን የደፈረ የለም። ቤትዋን፥ ከብትዋን፥ የልጅ ልጆችዋንም ትታ ስትወጣ፥ የእናትነት ሥራዋ ፍጻሜ እንዳለው፥ ከፍጻሜውም በኋላ የቀረው ዕድሜ የእርስዋ እንደ ሆነ ሁሉም ያምን ነበር። አሜሪካዊቱ አያት ይህን ቢሰሙ ይገባቸው ነበር።

እርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መነኵሲቲቱ ስለ ነፍስዋ ትሄዳለች፤ በሥርዓትና በአበ ምኔት ወይም በእመ ምኔት ሥር ትሆናለች፤ ወይዘሮ ኤማ ግን የሄዱት ከተራራው ማዶ ያለውን ለማየት ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመንገዳቸውን ዋጋ በሚመዝን ሰው ዘንድ ብዙ ይከብዳል። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው መንገዱ ወዴት ያደርሳል የሚለው ሳይሆን፥ የመሄዱ ፈቃድ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ከምንኵስናም በታች ሌላ ልማድ ነበረ፤ ለዚህ ነገር የሚጠቅመው ምናልባት ይኸኛው ነው። መኪና ሳይበዛ፥ ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን፥ ለታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚሳለም ሰው ብዙ ቀን በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ከተጓዦቹም መካከል አሮጊቶች ጥቂቶች አልነበሩም። ገደሉም ወንዙም ወባውም ያኔ ነበረ፤ ልጆችም ያኔ እናታቸውን ይወዱ ነበር። ነገር ግን እናት «ስእለት አለብኝ» ያለች እንደ ሆነ ልጅዋ በሶ ትፈጭላታለች፤ ቆሎ ትቈላላታለች፤ ልጅዋም አገልግሉን ይለጕምላታል፤ ከመንገደኞቹም መካከል ዘመድ ወይም ባልንጀራ ፈልጎ አደራ ይሰጣል። ፍርሃታቸውን በስንቅ ውስጥ አድርገው ይሰጡአት ነበር ማለት ነው። እናትም የምትሄድበትን አገርና የምትመለስበትን ቀን አትሸሽግም፤ የሚከለክላት የለምና። በዚያ ቤት እውነትና መንገድ አልተጣሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይለዩ ማለፍ ወደ ስሕተት ያደርሳል። በእርጅና ምክንያት አእምሮዋ የተነካ፥ የቤትዋን መንገድ የማታውቅ፥ የልጅዋን ስም የምትረሳ እናት አለች። ይህች ወጥታ እንዳትጠፋ በር ቢዘጋባት ምሕረት ነው እንጂ ግፍ አይባልም። እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያስታምም ልጅ መከራውን ያውቀዋል፤ ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉም እርሱን አይመለከተውም። ችግሩ ግን ብዙ ልጆች ይህ ቀን ሳይደርስ አስቀድመው መዝጋት መጀመራቸው ነው፤ እናትየዋ ልብዋ ብሩህ ሆኖ ሳለ፥ የዕድሩን ሒሳብ ከሁሉ አስቀድማ የምታርም ሆና ሳለ፥ እንደ ሕፃን «ተቀመጪ» ትባላለች።

የሜይን ደን ጠባቂዎች በ1954 ዓ. ም. «ወደ ቤትዎ ይመለሱ» ማለታቸውም በዚሁ ሚዛን ሲታይ ትክክል ነበር። መነጽራቸው ተሰብሮ ነበርና አጥርተው ማየት አይችሉም፤ መንገዱም ጠፍቶባቸው ነበር። የማያይን ሰው ማስቆም ከመሄድ መብቱ ጋራ አይጣላም። በሚቀጥለው ዓመት ግን የሚያዩበት መነጽር ነበራቸው፤ የሚሄዱበትንም ያውቁ ነበር።

ወይዘሮ ኤማ በዚህ አላበቁም። በ1957 ዓ. ም. ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱት፤ በ1959 ዓ. ም. ሚዙሪ ውስጥ ካለው ከኢንዲፔንደንስ ከተማ ተነሥተው የጥንት ሰፋሪዎች በሄዱበት ፈለግ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ፖርትላንድ ደረሱ፤ በ1964 ዓ. ም. ደግሞ የአፓላቺያንን መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ ፈጸሙ። በ1973 ዓ. ም. በ85 ዓመታቸው ሞቱ። ስለ እርሳቸው ከሚነገረው ሁሉ ግን ለዚህ ጥያቄ እጅግ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ጕዞ በቨርሞንት የሆነው ነው።

በ1955 ዓ. ም. በነሐሴ ወር ኮኒና ዳያን የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ተከታትለው መጥተው በዚያ አገር ብርቱ ጎርፍ ወረደ። ወይዘሮ ኤማ ከአንድ የሞላ ወንዝ ዳር ደርሰው ብቻቸውን መሻገር እንደማይችሉ አዩና ቆሙ። ከኋላቸው በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሁለት ወጣቶች በዚያው መንገድ መጡ። ወጣቶቹ አሮጊቲቱን ከጎርፉ ዳር ባዩ ጊዜ፥ ይመለሱ ብለው አልተከራከሩም፤ አዝለንም እንውሰድዎት አላሉም። በያዙት ገመድ አንዱ ከፊት፥ አንዱ ከኋላ ሆነው እርሳቸውን በመካከል አስረው፥ ሦስቱም በአንድነት ወደ ውኃው ገቡ። ወዲያ ማዶ በወጡ ጊዜ ገመዱ ተፈታ፤ ሴትዮይቱም ከረጢታቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ሰሜን መንገዳቸውን ቀጠሉ።